በአፉ የሚጎርስ ጠመንጃ

ቱርኮች «ታባንጃ» ሲሉ ሽጉጥ ማለታቸው ነው። ዐረቦችም ቃሉን ከእነሱ ወስደው፣ የመጀመሪያውን ፊደል አጥብቀው «ጠበንጃ» ሲሉ ያንኑ በአንድ እጅ የሚያዝ አጭር መሣሪያ ይጠሩበታል። ቀይ ባሕርን ተሻግሮ እኛ ዘንድ ሲደርስ ግን ስሙ እንዳለ ሆኖ ነገሩ ረዘመ፤ ትከሻ ላይ የሚነገተውን ጠበንጃ፣ ኋላም ጠመንጃ አልነው። ዱካውን ወደ ኋላ ለተከተለ ደግሞ ሌላ ነገር ይጠብቀዋል። በጥንቱ የፋርስ ሥነ ጽሑፍ «ተፓንቼ» ማለት ጥፊ ነበር። የጥፊው ስም ለሽጉጥ፣ የሽጉጡ ስም ለጠመንጃ ወረደ። ጠመንጃውን አንግቶ ገበያ የሚወጣው የአገራችን ሰው፣ በስም ከሄድን፣ ትከሻው ላይ የተሸከመው ጥፊ ነው።

መንገዱ በዐረብኛ በኩል እንደነበር የሚመሰክረው ጠ ነው። ዐረብኛ ወፍራም ጣዕን በተናገረበት ቦታ አማርኛ ጠን ያስቀምጣል፤ የግሪኮቹ «ትራፔዛ» በግብጽ ዐረብኛ ወፍሮ ወደ እኛ ጠረጴዛ ሆኖ እንደመጣው ማለት ነው። በ ወደ መ መዞሩ የራሳችን ሥራ ነው፤ ሁለቱም በከንፈር የሚባሉ ናቸው፣ ቀጥሎ ያለው ን ደግሞ በን ወደ አፍንጫ ይጎትተዋል። በድሮ ጽሑፎች ጠበንጃን፣ በዛሬው አነጋገር ጠመንጃን የምናገኘው በዚህ ምክንያት ነው።

የሽጉጥ ስም ለጠመንጃ ከተሰጠ በኋላ ሽጉጡ ራሱ ስም አልባ ቀረ። አማርኛ ሌላ ባዕድ ቃል አልለመነም። ሸጎጠ የሚል ግሥ ነበረው፦ ብር በመቀነት ይሸጎጣል፣ ደብዳቤ ከትራስ ሥር ይሸጎጣል። ከዚያ ሽጉጥ የሚል ስም አወጣ፤ የሚደበቅ፣ ከወገብ የሚወሸቅ። ከመሣሪያ ስሞቻችን ሁሉ እንዲህ ያማረ አላውቅም።

የዚህ ጽሑፍ መነሻ ግን ከፊት፣ ከአፈሙዙ በኩል የሚሞላው የጥንት ጠመንጃና በአንዱ አደንና በሌላው አደን መካከል የሚፈልገው እንክብካቤ ነው። አሠራሩ ቀላል ነው። መጀመሪያ ተመጥኖ ባሩድ በአፉ ይፈስበታል፣ ቀጥሎ በጨርቅ የተጠቀለለ የእርሳስ አረር ይገባል፣ ከዚያ በረጅም ዘንግ እስከ ታች ይጠቀጠቃል። ይህን ሥራ በአማርኛ ለመንገር የሚያስፈልገው ግሥ አንድ ብቻ ነው፤ ማጉረስ። ዛሬ ጥይቱ በካዝና በሚገባ መሣሪያ ላይ እንኳ ጥይት አጎረሰ እንላለን፣ ባለ ስድስት ጥይቱን ሽጉጥ ስድስት ጎራሽ እንላለን። ነገር ግን የዘመኑ ጠመንጃ የሚሞላው ከኋላው ነው፤ በጀርባው የሚጎርስ ፍጡር በሰው ማዕድ ታይቶ አይታወቅም። ግሡ ቃል በቃል የሚገጥመው በአፉ ለሚበላው ብቻ ነው። አፈሙዝ የሚለው ስም ራሱ በአፍ ይጀምራል። ማጉረስን ለጠመንጃ የሰጡት ሰዎች ባሩዱን በእጃቸው በአፉ ሲያደርጉለት የኖሩ ይመስለኛል፤ ጠመንጃው ሲለወጥ ግሡ ቀረ።

ይህ ዓይነቱ መሣሪያ የሙዚየም ዕቃ ብቻ እንዳይመስላችሁ። በአሜሪካ ብዙ ግዛቶች ከአፉ ለሚጎርሰው ጠመንጃ ብቻ የተለየ የአደን ወቅት አለ። ፔንሲልቬንያ በ1974 እ.ኤ.አ. በባልጩት ፍንጣሪ ብቻ ለሚተኮሰው ጠመንጃ የአጋዘን ወቅት ከፈተች፤ ወቅቱ ዛሬም ከገና በዓል በኋላ ባለው ብርድ ይውላል። እዚያ የሚኖሩ የኛ ሰዎች በክረምት ጫካ ዳር ሲያልፉ የሚሰሙት ድም የሚል ወፍራም ድምፅና የሚያዩት ነጭ ጭስ ከእነዚህ አዳኞች ዘንድ ሊሆን ይችላል። (አዳኝ ስል ጠበቅ አድርጋችሁ አንብቡልኝ። ላልቶ ከተነበበ ነፍስ የሚያድነው ይሆናል፤ ያኛው ከግእዙ ድኅነ፣ ከደኅናና ከድኅነት ቤት የመጣ ነው፣ ከአደን ጋር የሚያገናኘው ፊደሉ ብቻ ነው።)

አዳኙ ማታ ቤቱ ሲገባ፣ ደከመኝ ብሎ ጠመንጃውን ጥግ አስደግፎ ከተኛ፣ ጠዋት በአፈሙዙ ውስጥ ቡናማ ዝገት ያገኛል። ጥፋቱ የባሩዱ ነው፣ ስለ ባሩድም ረዘም አድርጎ መናገር ተገቢ ነው።

ባሩድ መጀመሪያ የሚፈነዳው ድብልቅ ስም አልነበረም። በ1248 እ.ኤ.አ. ያረፈው የአንዳሉስ ተወላጁ የዕፅዋትና የመድኃኒት ሊቅ ኢብን አል በይጣር ስለ አንድ ነጭ የድንጋይ ጨው ጽፏል። የጥንት የግብጽ ሐኪሞች «የቻይና በረዶ» ይሉታል፣ የመግሪብ ሰዎች ግን «ባሩድ» ይሉታል ይለናል። ይህ ጨው ዛሬ የኬሚስትሪ ተማሪ ፖታሲየም ናይትሬት የሚለው ነው። ለብቻው አይፈነዳም፤ ሌላውን ነገር የሚያቀጣጥል አየር ሰጪ ነው። ከ100 እጅ 75 እጅ ይህ ጨው፣ 15 እጅ ከሰል፣ 10 እጅ ድኝ ሆኖ ሲፈጭ ግን የታወቀው ጥቁር ባሩድ ይወጣል። ሦስት አራተኛው ጨው ስለሆነ ድብልቁ በጨው ስም ተጠራ።

ቃሉን ማን እንደሰጠንም የመጨረሻው ፊደል ይናገራል። ቱርኮች ባሩት ይላሉ፣ በት ይዘጉታል። ዐረቦች ባሩድ ይላሉ። እኛም ባሩድ አልን። መሣሪያውን ያመጡት የቱርክ ወታደሮች ቢሆኑም ስሙን የሸጡልን የምፅዋና የዘይላ ዐረብኛ ተናጋሪ ነጋዴዎች ናቸው ብዬ አምናለሁ።

ከሦስቱ ቅመሞች የሌላኛውም ስም እንዲሁ ቦታውን ለቋል። ዐረቦች ድኝን «ኪብሪት» ይላሉ፤ ቃሉ በጥንታዊው አካድኛ «ኪብሪቱ» ሆኖ ይገኛል። እኛ ድኝ የሚል የራሳችን ቃል ስለነበረን፣ የሰዶምንና የገሞራን ታሪክ የሰማ ሁሉ ስለሚያውቀው፣ ኪብሪት ለድኝ አላስፈለገንም። ጫፉ እሳት የሚያወጣው እንጨት ሲመጣ ግን ክብሪት ብለን ተቀበልነው። ስለዚህ በአማርኛ ጨው የነበረው ባሩድ ሆኗል፣ ድኝ የነበረው ክብሪት ሆኗል፣ ከሰል ብቻ ከሰል ሆኖ ቀርቷል።

ወደ ዝገቱ እንመለስ። ጥቁር ባሩድ ሲነድ ከክብደቱ ከግማሽ የሚበልጠው ወደ ጋዝ አይለወጥም። ከፊሉ ነጭ ጭስ ሆኖ ይበናል፣ የተረፈው በአፈሙዙ ውስጥ ጥላሸት ሆኖ ይለጠፋል። ይህ ጥላሸት የምድጃ ጥላሸት አይደለም፤ አብዛኛው የፖታሲየም ጨዎች ናቸው፣ ጨውም እንደ ልማዱ ከአየር እርጥበት ይስባል። ብረቱ ላይ የተቀመጠ እርጥብ ጨው ሌሊቱን ምን እንደሚሠራ ማንም ያውቀዋል።

እዚህ ላይ አንድ ዝምድና ማሳየት አለብኝ። ኬሚስቶች ፖታሲየምን የሚጽፉበት K «ካሊዩም» ከሚለው ላቲን ስሙ የተወሰደ ፊደል ነው፤ ዋናው ካሊዩም ከየት መጣ የሚለው ነው። የመጣው ከዐረብኛው «አል ቀሊ» ነው። አል ቀሊ የተቃጠለ ቅጠል አመድ ነው፣ ሳሙና መሥሪያው፤ የቃሉ ሥር «ቀላ»፣ በእሳት አመሰ፣ ጠበሰ ማለት ነው። የግእዙ ቀለወ ወንድሙ ነው፣ የኛ ቆላም ከዚያው ሥር ይበቅላል። እናትዎ ቡና ሲቆሉ የሚጠቀሙበት ግሥና ከጠመንጃው አፍ የሚታጠበው እድፍ የኬሚስትሪ ስም የአንድ አያት ልጆች ናቸው። ሥርወ ቃል የሚያጠና ሰው እንዲህ ያለውን ሲያገኝ ለሁለት ቀን ደስ ብሎት ይሰነብታል።

ጨው ስለሆነም የሚያጥበው ውሃ ነው። ብዙ ጀማሪ ብረትን ከውሃ መጠበቅ አለብኝ ብሎ በቀጥታ ወደ ዘይት ይሮጣል፤ ዘይት ግን ጨው አያሟሟም፣ ጥላሸቱን አቡክቶ ቅጥራን ያደርገዋል እንጂ። ልምድ ያለው አዳኝ መጀመሪያ ጠመንጃው ባዶ መሆኑን በዘንጉ ያረጋግጣል። ከዚያ ሙቅ ውሃ በጥቂት ሳሙና ያዘጋጅና ክብ ክብ አድርጎ በቆረጣቸው የጥጥ ጨርቆች አፈሙዙን ከላይ እስከ ታች ይፈትጋል። የመጀመሪያው ጨርቅ እንደ ቀለም ጥቁር ሆኖ ይወጣል፣ ከጥላሸቱ ውስጥ ያለው የድኝ ቅሪት ውሃ ሲነካው የገማ እንቁላል ይሸታል። ሁለተኛውና ሦስተኛው ግራጫ ይሆናሉ። ነጭ ገብቶ ነጭ የሚወጣ ጨርቅ እስኪገኝ ሥራው አያልቅም። ውሃው የሚሞቅበትም ምክንያት አለው፤ የጋለው ብረት የቀረውን እርጥበት ራሱ ያተንነዋል። ደረቅ ጨርቅ ይከተላል፣ ስስ ዘይት የጠጣ ጨርቅ ይጨርሳል። ሲቀመጥ አፈሙዙ ወደ መሬት ቢደፋ ይመረጣል፤ ሽቅብ ከቆመ ዘይቱ ቀስ ብሎ ወርዶ እሳቱ የሚገባባትን ቀዳዳ ይደፍናታል። ከሁለትና ሦስት ቀን በኋላ አንድ ጨርቅ ሰድዶ ማየትም አይከፋም፣ ቡናማ ነገር ይዞ ከወጣ አጠባው አልጠራም። በሚቀጥለው አደን ዋዜማም ዘይቱ ተጠርጎ ይወጣል፤ ባሩድ በዘይት ከራሰ አጋዘኑ ፊት ጭጭ ይላል።

ይህን ሁሉ አማርኛ በአንድ ቃል ይጠራዋል፤ ወለወለ። ጫማ ይወለወላል፣ ወለል ይወለወላል፣ ጠመንጃ ይወለወላል። በዘፈንም በቀረርቶም ጀግና ጠመንጃውን ወልውሎ ነው የሚወጣው። ወ እና ለ ሁለት ጊዜ ይመላለሳሉ፤ ጨርቁ በብረቱ ላይ እንደሚመላለሰው ሁሉ። ቃሉን ማንም ነጋዴ አላመጣውም።

ተኮሰም እንዲሁ። ቃሉ ከጠመንጃ በፊት በአማርኛ ይኖር ነበር፣ ትርጉሙም በእሳት ወይም በጋለ ብረት መንካት ነው። የታመመ ከብት ይተኮሳል፣ ልብስ ይተኮሳል፣ ትኩስ እንጀራ ከዚያው ነው፣ ትኩሳትም ከዚያው። ልብስ መተኮሻውን ካውያ የምንልበት ዐረብኛም ሁለቱን በአንድ ግሥ ነው የሚናገረው፤ «ከዋ» በጋለ ብረት ማቃጠልም ልብስ መተኮስም ነው። ታዲያ ጥይት መልቀቅን ተኮሰ ያሰኘን ምንድን ነው? መልሱ በመጀመሪያዎቹ ጠመንጃዎች አሠራር ላይ ነው። በ16ኛው መቶ ዘመን በኢማም አሕመድ በኩል የተሰለፉት የቱርክ ነፍጠኞችም ሆኑ በ1541 እ.ኤ.አ. በክሪስቶቫው ዳ ጋማ እየተመሩ ከምፅዋ ወደ ደጋው የወጡት 400 ያህል ፖርቱጋሎች የያዙት በተለኮሰ ገመድ የሚሠራ መሣሪያ ነበር። ቀስ እያለ የሚጨስ ገመድ ይያዛል፣ ፍሙ ጫፍ በጎን ባለችው ቀዳዳ አጠገብ ያለውን ባሩድ ይነካል፣ ያን ጊዜ ይፈነዳል። የሚያየው ሰው ያየው ብረት በእሳት ሲነካ ነው። ተኮሰ አለ። በኋላ ገመዱ በባልጩት ተተካ፣ ባልጩቱ ደግሞ በ19ኛው መቶ ዘመን ስትመታ እሳት በምትተፋ ትንሽ የመዳብ ቆብ ተተካ። ዛሬ ማንም ጠመንጃ ላይ ፍም አያስነካም፤ ተኩስ ግን ተኩስ ነው።

እዚህ ላይ የማምነውን ልናገር። በጠመንጃ ዙሪያ ያሉት ስሞቻችን ሁሉ ማለት ይቻላል እንግዶች ናቸው። ጠመንጃ፣ ባሩድ፣ ነፍጥ፣ ከዐረብኛው «ሚድፋዕ» ማለትም ገፊ ከሚለው የመጣው መድፍ፣ ከፈረንሳይኛ የመጣው መትረየስ፣ ሁሉም በወደብ የገቡ ናቸው። ግሦቹ ግን፣ ማጉረስ፣ መጠቅጠቅ፣ መተኮስ፣ መወልወል፣ ማንገት፣ ከጓዳና ከበረት የተወሰዱ የቤት ልጆች ናቸው። ዕቃ ከገበያ ይገዛል፤ ዕቃውን የሚይዝበት መንገድ ግን ሰው አስቀድሞ ከሚያውቀው ሥራ ነው የሚወስደው። አማርኛ ብረትን በባዕድ ስም ጠራው፣ አያያዙን ግን እንደ ሕፃን ማጉረስና እንደ ሸክላ መወልወል አደረገው።

ነፍጥ የተለየ ንግግር ይገባዋል። ሥሩ በአካድኛ «ናፕጡ»፣ በግሪክ «ናፍታ»፣ በዐረብኛ «ነፍጥ» ነው፤ ከመሬት የሚወጣው የሚነድ ዘይት። በግሪኩ ትንቢተ ዳንኤል ሠለስቱ ደቂቅ የተጣሉበትን እቶን ከሚያነዱት ነገሮች አንዱ እሱ ነው። በአባሲዶች ዘመን ይህን ዘይት በጠላት ላይ የሚወረውሩ ወታደሮች «ነፋጥ» ይባሉ ነበር። ባሩድ ግብጽ ሲደርስ የማምሉክ ጸሐፊዎች ለአዲሱ እሳት የአሮጌውን ስም ሰጡት፤ ነፍጥ መጀመሪያ ባሩድን፣ ቀጥሎ በባሩድ የሚሠራውን መሣሪያ ጠራ። እኛ የወሰድነው በዚህ የመጨረሻ ትርጉሙ ነው። ዐረቦች ደግሞ ወደ ጥንቱ ተመለሱ። ኩዌት የሚሠሩ ልጆቻችን በአንድ ትልቅ ሕንፃ ላይ «ወዛረት አን ነፍጥ» የሚል ጽሑፍ ቢያዩ የጦር መሣሪያ ሚኒስቴር አይደለም፤ የነዳጅ ሚኒስቴር ነው።

ነፍጠኛ ስለዚህ ከ«ነፋጥ» ጋር ሥሩን ይጋራል፤ ነፍጥ የያዘ፣ በነፍጥ የሚዋጋ ማለት ነው። በድሮ ጦር የጠመንጃ ሰዎች አዛዥ ቱርክ ባሻ ይባል እንደነበር ስናስብ ሙያው ከማን እንደመጣ ስሙ ራሱ ይነግረናል። ቃሉ በደቡብ ከሰፈሩት ወታደሮች ታሪክ ጋር ተያይዞ በዘመናችን የፖለቲካ ክርክር ውስጥ ምን እንደሆነ አንባቢ ያውቀዋል። ሥሩ ግን የዘር ስም አይደለም፣ የዕቃ ስም ነው፤ በክርክሩ ወዲህም ወዲያም ያሉት ይህን ቢያስታውሱ አይጎዱም።

በአፍ የሚጎርሰው ጠመንጃ ዘመን ማክተሙ በአገራችን ከአንድ ቀን ጋር ይያያዛል። ኤፕሪል 10 ቀን 1868 እ.ኤ.አ. በመቅደላ ሥር፣ በአሮጌ ሜዳ፣ የዐፄ ቴዎድሮስ ሰዎች ባብዛኛው ከአፉ የሚሞላ ጠመንጃ ይዘው ወረዱ፤ የእንግሊዝ ወታደሮች ከኋላ የሚሞላ ስናይደር ይዘው ጠበቋቸው። አንዱ እስኪጠቀጥቅ ሌላው ደጋግሞ ይተኩሳል። ያ መሣሪያ በአማርኛ ሰናድር ሆኖ ቀረ። የሚገርመው ሰናድር ራሱ መጀመሪያ ከአፉ ይጎርስ የነበረ መሆኑ ነው፤ ጄኮብ ስናይደር የተባለው አሜሪካዊ የፈለሰፈው ዘዴ የእንግሊዝን የኤንፊልድ ጠመንጃ ከኋላው ቆርጦ በማጠፊያ የሚከፈት መዝጊያ መግጠም ነበር። ቀጥሎ የመጣው ውጅግራ ደግሞ በስሙ ሌላ እሳት ደብቋል። ፈረንሳዮች «ፉዚ ግራ» የሚሉት ነው፤ ግራ በ1874 እ.ኤ.አ. ጠመንጃውን ያሻሻለው የባዚል ግራ ስም ነው። ፉዚ ግን ጠመንጃ ከመሆኑ በፊት ባልጩት ላይ ተመትቶ እሳት የሚያወጣ ብረት ነበር፣ ሥሩም የላቲኑ «ፎኩስ»፣ ምድጃ ነው። የአድዋ ዘማች ውጅግራውን ሲያነግት የሮማ ምድጃ አብሮት ዘመተ።

ቤታችሁ ግድግዳ ላይ ከአያት የተወረሰ፣ ከአፉ የሚጎርስ ጠመንጃ የተሰቀለ ካለ አንድ ነገር ልለምናችሁ። ጥቁር ባሩድ እርጥበት ካልነካው ከብዙ ዓሥርት ዓመታት በኋላም ይነዳል፣ የጎረሰ ጠመንጃም ከውጭ ሲያዩት ካልጎረሰው አይለይም። በዘንጉ የሚለካ፣ ሥራውን የሚያውቅ ሰው እስኪያየው ድረስ ልጆች አያንሡት፣ እሳት አጠገብ አይሁን፣ አፈሙዙም ወደ ሰው አይዙር።